ትልቅ የድሮ ቴሌስኮፕ ልትገዙ ነው? ኦዲሲ፣ ኬቭ፣ ብርቱካናማው ሲ14 ወይስ ትረስ ዶብ

አሜሪካ ያላችሁና ሰማይ ማየት የምትወዱ ሰዎች ልብ ብላችሁ ከሆነ ያገለገለ ዕቃ ገበያው ላይ ትልልቅ የድሮ ቴሌስኮፖች በየጊዜው ብቅ ይላሉ። በ1986 ሃሌይ የምትባለው ጅራታም ኮከብ ስትመጣ ብዙ ሰው ቴሌስኮፕ ገዝቶ ነበር፣ ያ ትውልድ አሁን ዕድሜው ገፍቷል፣ ያን ሁሉ እንጨት ከጋራዥ ማውጣት ከብዶታል፣ ወይ ወደ ትንሽ ቤት እየገባ ነው፣ ወይ ደሞ ልጆቹ ናቸው የሚሸጡት። ስለዚህ ያኔ ሰው ቆጥቦ የገዛውን የ13 ወይም የ17 ኢንች ቴሌስኮፕ ዛሬ አዲስ 8 ኢንች በሚገዛ ዶላር፣ አንዳንዴም ከዛ ባነሰ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ልዩነቱ ደሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ብርሃን የሚሰበስበው የመስታወቱ ስፋት ነው፣ 13.1 ኢንቹ ከ8 ኢንቹ 2.7 እጥፍ ገደማ ብርሃን ይሰበስባል፣ 17.5ቱ ደሞ 4.8 እጥፍ። በ8 ኢንች ዳር ዳሩ ብቻ ተለይቶ የሚታየው ኤም13 የሚባለው የከዋክብት ስብስብ በ17 ኢንች እስከ መሃሉ ድረስ አንድ በአንድ ኮከብ ሆኖ ይበተናል፣ ይሄን አንዴ ያየ ሰው ወደ ትንሹ መመለስ ይከብደዋል።

የኔን አቋም ከአሁኑ ልናገርና ከዛ ወደ ዝርዝሩ እንግባ። የድሮ ቴሌስኮፕ ስትገዙ የምትገዙት መስታወቱን ነው። ቱቦው ይቀየራል፣ ሳጥኑ እንደ አዲስ ይሰራል፣ ሞተሩም ፎከሰሩም (አይፒሱን፣ ማለትም በዓይን የምታዩበትን ሌንስ፣ ይዞ ምስሉን የሚያጠራው ክፍል) በአዲስ ይተካል፣ መስታወቱ መጥፎ ከሆነ ግን ምንም ብታደርጉለት መጥፎ ነው። ከመስታወቱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብቻችሁን ተሸክማችሁ ታወጡታላችሁ ወይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት ላይ ሆናችሁ ሁለት ሰው የሚጠይቅ ቴሌስኮፕ ከገዛችሁ ሁለተኛው ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ አይገኝም፣ በቃ ዕቃው ቁም ሳጥን አጠገብ ይቀራል።

በዋጋ ከሄድን ርካሹ ኮልተር ኦዲሲ ነው። ኮልተር ኦፕቲካል ካሊፎርኒያ ውስጥ አይድልዋይልድ የሚባል የተራራ ከተማ ላይ የነበረ ትንሽ ካምፓኒ ነው፣ በ1980ዎቹ ትልልቅ ዶብሶኒያን በብዛት እያመረተ ተራ ሰው በሚችለው ዋጋ የሸጠ እሱ ነው። ዶብሶኒያን ማለት ያው ጆን ዶብሰን የሚባል የቬዳንታ መነኩሴ የነበረ ሰው ያስፋፋው ዲዛይን ነው፣ ሰውዬው ከ1968 ጀምሮ ከጓደኞቹ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ዳር ቴሌስኮፕ እያቆመ አላፊ አግዳሚውን ጨረቃና ሳተርን ያሳይ ነበር፣ ፓተንትም አላወጣበትም። የካርቶን ቱቦ፣ የእንጨት ሳጥን፣ ጥቂት ቁራጭ ቴፍሎን፣ ሞተር የለው ምን የለው፣ በእጅ እየገፉ ማየት ነው። ኦዲሲ 1 የሚባለው 13.1 ኢንች ነው፣ ኦዲሲ 2 ደሞ 17.5 ኢንች፣ ሁለቱም ኤፍ/4.5 ናቸው (ፎካል ሌንግዙ፣ ማለትም ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስኪሆን የሚሄደው ርቀት፣ የመስታወቱ ስፋት 4.5 እጥፍ ነው ማለት ነው)፣ ቀይ ቱቦ ካያችሁ በአብዛኛው እሱ ነው።

ጥሩ ጎኑ ቀላልነቱ ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። መጥፎ ጎኑ ሳጥኑ ከቺፕውድ ነው የተሰራው፣ ከባድ ነው፣ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ፎከሰሩ 1.25 ኢንች ብቻ የሚይዝና የቧንቧ ዕቃ የመሰለ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ግን የመስታወቱ ጥራት ወጥ አይደለም፣ አንዱ ኦዲሲ ሳተርንን ጥርት አድርጎ ያሳያችኋል፣ ሌላኛው ከ150 እጥፍ በላይ ስታጎሉ ኮከቡን መስቀል ያደርገዋል። ስለዚህ ኦዲሲ ሳይፈተን አይገዛም። ከሁለቱ የቱን ካላችሁኝ 13.1ዱን እላለሁ፣ ሚኒቫን ውስጥ ይገባል፣ ቆማችሁ ወይ በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ ታዩበታላችሁ። 17.5ቱን የምትገዙት መስታወቱን አውጥታችሁ ትረስ (በቱቦ ፋንታ በሚፈቱ ዘንጎች የሚገጣጠም ቴሌስኮፕ) ልትሰሩበት ካሰባችሁ ብቻ ነው፣ ባለበት ቱቦ እንደ ጎተራ ነው፣ ፒካፕና ጎረቤት ይፈልጋል።

ከሱ ቀጥሎ በኢኳቶሪያል ማውንት ላይ የተቀመጡት የድሮ ኒውቶኒያኖች (በመስታወት የሚሰሩ፣ በቱቦው ጎን የሚታይባቸው ቴሌስኮፖች) ይመጣሉ። ማውንት ማለት ቴሌስኮፑን የሚሸከመው መቆሚያ ነው፣ ኢኳቶሪያሉ ደሞ አንዱ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ አጋድሎ የሰማዩን ዙረት የሚከተል ነው። እዚህ ጋ ስሙ የተከበረው ኬቭ ነው፣ ቶማስ ኬቭ ሎንግ ቢች ካሊፎርኒያ ውስጥ አስትሮላ በሚል ስም የሰራቸው የ10 እና የ12.5 ኢንች ቴሌስኮፖች እስከዛሬ የሚፈለጉት በመስታወታቸው ነው። ሚድ የሚባለው ካምፓኒ ደሞ ዲኤስ-16 የሚባል 16 ኢንች ኤፍ/4.5 ነበረው። እነዚህን ስታዩ ልብ ይሰርቃሉ፣ ነጭ ቱቦ፣ ወፍራም የብረት ዘንግ፣ ትልቅ የብረት እግር፣ እውነተኛ ኦብዘርቫቶሪ ይመስላሉ። ግን ያ ሁሉ ብረት መሸከም አለበት፣ ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ብቻውን ወገብ ይቆርጣል፣ ቱቦውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስታዞሩ አይፒሱ አንዴ ከላይ አንዴ ከስር ይሆንና ማየቱ ራሱ ስፖርት ነው። መስታወቱም ወፍራም ፓይሬክስ ስለሆነ ከሞቀ ቤት ወደ ብርድ ሲወጣ ለመቀዝቀዝ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላው ትንሽ የኮምፒውተር ፋን ብትገጥሙለት በጣም ይረዳል።

ጓሮ ያለው ቤት ኖሯችሁ ማውንቱን አንዴ ሲሚንቶ ላይ ተክላችሁ የምትተዉት ከሆነ ግን ኬቭ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ካልሆነ ቱቦውን ከማውንቱ አንስታችሁ ባለ 18 ሚሊሜትር በርች ኮምፔንሳቶ የዶብ ሳጥን ልታሰሩለት ትችላላችሁ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። አንድ ነገር ብቻ ለምኛችኋለሁ፣ ኬቭ ላይ አዲስ ቀዳዳ አትብሱ፣ የድሮውን ፎከሰርና ማውንት አትጣሉ፣ አስቀምጡት። ሰውዬውም ፋብሪካውም የሉም፣ ዳግም የሚሰራ የለም፣ ከናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው እንደነበረ ሊመልሰው ይፈልግ ይሆናል።

ብርቱካናማው ሴለስትሮን ሲ14 ደሞ ሌላ ዓለም ነው። የ1970ዎቹ ስራ ነው፣ 14 ኢንች ወይም 356 ሚሊሜትር፣ ግን ብርሃኑ ውስጡ ስለሚታጠፍ ቱቦው 80 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ቱቦው ብቻውን 20 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሹካው (ቱቦውን በሁለት ክንድ የሚይዘው ማውንት) እና እግሩ ሲጨመርበት የሰው ቁመት የሚያክል ነገር ይሆናል። ፎካል ሌንግዙ 3910 ሚሊሜትር ነው፣ ትርጉሙ ምን መሰላችሁ፣ በትልቁ ባለ 2 ኢንች አይፒስ እንኳ የምታዩት የሰማይ ስፋት 0.67 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ናት፣ ፕሌያዲስ የሚባሉት ሰባቱ ከዋክብት አንድ ላይ አይገቡም። በ13.1 ኦዲሲ ግን 2 ኢንች ፎከሰር ከገጠማችሁለት 1.75 ዲግሪ ታያላችሁ፣ ሁሉም ይገባሉ። ስለዚህ ልባችሁ ያለው ጁፒተር፣ ማርስና ጨረቃ ላይ ከሆነ ሲ14፣ ጋላክሲና ኔቡላ ከሆነ ዶብ። ይሄ ቀጥተኛ ነው።

ሲ14 ስትገዙ ከፊት ያለውን መስታወት፣ ኮሬክተር የሚባለውን፣ በጥንቃቄ እዩት። እሱ ከዋናው መስታወት ጋር ተጣጥሞ የተሰራ ነው፣ ከተሰነጠቀ ከሌላ ሲ14 ነቅላችሁ ብትገጥሙለት ያው አይሆንም። ለማጽዳት ከፈታችሁትም መጀመሪያ በየትኛው አቅጣጫ እንደነበረ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የፎከስ ግሪሱ ከ40 ዓመት በላይ ስለቆየ ሊደርቅ ይችላል፣ ያ ይስተካከላል።

እዚህ ጋ ደሞ ከአሜሪካ ውጪ ላላችሁ የሚጠቅም ነገር ልናገር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የድሮው ሲ14 ሹካ ላይ ያለው ሞተር 110 ቮልት 60 ኸርዝ ላይ የሚሰራ ነው፣ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ኢትዮጵያ፣ እስራኤል፣ ዱባይ፣ ኳታር ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ገዝታችሁ ቮልቱን ብታወርዱ ሞተሩ ይዞራል፣ አይቃጠልም፣ ግን ከሚገባው አንድ ስድስተኛ ቀንሶ ነው የሚዞረው፣ በሰዓት 2.5 ዲግሪ ወደኋላ ይቀራል፣ ጁፒተር ደቂቃ ሳይሞላ ከመሃል ይሸሻል። ትራንስፎርመር ኸርዝ አይቀይርም። መፍትሄው ከ12 ቮልት ባትሪ 60 ኸርዝ የሚያወጣ ፒዩር ሳይን ኢንቨርተር ነው፣ ወይም የድሮውን ሞተር አውጥቶ ስቴፐር ሞተር መግጠም። ሳውዲ ያላችሁ እድለኛ ናችሁ፣ እዛ 60 ኸርዝ ስለሆነ ቮልቱን ብቻ ማስተካከል ነው። ሌላው አማራጭ ቱቦውን ከሹካው ፈትቶ ዘመናዊ ማውንት ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ግን 20 ኪሎ በደህና የሚሸከም ማውንት፣ ለምሳሌ የራሱ የሴለስትሮን ሲጂኤክስ-ኤል፣ አዲሱ ከ3000 ዶላር በላይ ነው፣ ከቴሌስኮፑ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። እሱን ሳትደምሩ ሲ14 በርካሽ አገኘሁ አትበሉ።

የመጨረሻው ዓይነት ትረስ ዶብ ነው፣ በተለይ ኦብሴሽን። ዊስኮንሲን ውስጥ በ1989 የተጀመረ ካምፓኒ ነው፣ የ18 እና የ20 ኢንች ስራዎቹ አሁን ገበያ ላይ ይገኛሉ። በቱቦ ፋንታ 8 የአሉሚኒየም ዘንግ ነው ያለው፣ ይፈታል፣ ይታጠፋል፣ የመስታወቱ ሳጥን እንደ ጋሪ ጎማና እጀታ ገብቶለት ይገፋል። ከአራቱ ዘመናዊ ለማድረግ ትንሽ ስራ የሚፈልገው ይሄ ነው፣ እንጨቱ ጥሩ ነው፣ እንቅስቃሴው ለስላሳ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው መስታወቱን እንደገና ኮት ማስደረግ (የሚያንጸባርቀውን ስስ ሽፋን ማሳደስ፣ ሪኮት የሚባለው) ብቻ ነው። ዋጋው ግን ከኦዲሲ ጋር አይወዳደርም። 20 ኢንች ኤፍ/5 ከሆነ ደሞ ወደ ላይ ቀጥ ሲል አይፒሱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ነው፣ ጨለማ ውስጥ መሰላል መውጣት ማለት ነው፣ ከልጆች ጋር ለምታዩ አይመከርም። 18ቱ ኤፍ/4.5 የተሻለ ነው።

አዲስ 12 ኢንች ዶብ ብገዛስ ለምትሉ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የዛሬዎቹ የቻይናና የታይዋን መስታወቶች አስተማማኝ ናቸው፣ ባለ 2 ኢንች ፎከሰር አብሮ ይመጣል፣ እጃችሁን ማቆሸሽ ካልፈለጋችሁ እሱን ግዙ። ድሮውን የሚገዛ ሰው ወይ ከ12 ኢንች በላይ በትንሽ ብር የሚፈልግ ነው፣ ወይ ደሞ እንደኔ ዕቃ ፈቶ መግጠም የሚወድ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ፈተናው። ሻጩ ጋ ስትሄዱ በባትሪ መብራት መስታወቱን ፊት ለፊት አብርታችሁ አትደንግጡ፣ በባትሪ የትኛውም መስታወት አስቀያሚ ነው። አቧራ ምንም አይደለም፣ አንድ ሁለት ጭረትም ምንም አይደለም፣ ዳሩ ላይ ትንሽ የተሸረፈ ቢኖርም ችግር የለም። ኮቱ ተልጦ ወይም ጠቁሮ ከሆነ ግን የሪኮት ዋጋ፣ ጥቂት መቶ ዶላር፣ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ዋናው ፈተና የኮከብ ፈተናው ነው፣ ቴሌስኮፑ ውጪ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ መስታወቶቹ በትክክል መደርደራቸውን አረጋግጡ፣ ከዛ ደመቅ ያለ ኮከብ ላይ አነጣጥራችሁ 200 እጥፍ ገደማ አጉሉና ፎከሱን ትንሽ ወደ ውስጥ ከዛ ትንሽ ወደ ውጪ አዙሩ። ክብ ቀለበቶች ታያላችሁ። በሁለቱም በኩል ክብና ተመሳሳይ ከሆነ ሳትከራከሩ ግዙ። በአንዱ በኩል ወደ ጎን የተለጠጠ እንቁላል፣ በሌላው በኩል ወደ ላይ የተለጠጠ እንቁላል ከሆነ አስቲግማቲዝም ነው። ግን እዚህ ላይ ወዲያው አትሂዱ፣ ዋናውን መስታወት ሩብ ዙር አዙራችሁ ደግማችሁ እዩ፣ እንቁላሉ አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የመስታወቱ ነው፣ ካልዞረ ግን መስታወቱ የተቀመጠበት ወንበር ወይ ትንሿ መስታወት ናት የቆነጠጠችው፣ ያ ደሞ ይስተካከላል። እንዲህ ዓይነቱን ቴሌስኮፕ ሻጩ ራሱ መስታወቱ መጥፎ ነው ብሎ በርካሽ ሊሰጣችሁ ይችላል። ቀን ከሆነ የሄዳችሁት ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ ላይ ካለችው የሸክላ ስኒ የሚያንጸባርቀውን የጸሐይ ነጥብ እንደ ኮከብ ተጠቀሙበት፣ ለፈተና ይበቃል፣ ጸሐይዋ አጠገብ ግን ፈጽሞ እንዳታነጣጥሩ።

ከገዛችሁ በኋላ መጀመሪያ የሚደረገው ማጠብ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቄ፣ የገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ፎጣ አጥፌ አነጥፍና መስታወቱን አጋድሜ አስቀምጣለሁ፣ ለብ ያለ ውሃ ለረጅም ጊዜ አፈስበታለሁ፣ አቧራው አብዛኛው በውሃው ብቻ ይሄዳል። ከዛ ጠብታ የሳህን ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ጥጥ ነክሬ ሳልጫን፣ በጥጡ ክብደት ብቻ፣ አንዴ እጎትትና ጥጡን እጥላለሁ፣ አዲስ ጥጥ፣ አንዴ ብቻ፣ እያልኩ። በመጨረሻ በዲስትልድ ውሃ አለቀልቀውና አቁሜ አደርቀዋለሁ፣ የቀረችውን ጠብታ በሶፍት ጫፍ መምጠጥ እንጂ ማሸት የለም። የሚገርማችሁ ብዙ ጊዜ ሪኮት ይፈልጋል የተባለ መስታወት ከታጠበ በኋላ ደህና ሆኖ ይገኛል። በእውነት ከደበዘዘ ግን ኮት አስደርጉት፣ ሁለት መስታወት እያንዳንዱ 75 በመቶ ብቻ ካንጸባረቀ አይናችሁ ጋ የሚደርሰው 56 በመቶ ነው፣ ሁለቱም 89 ሲሆኑ ግን 79 ይደርሳል። ትንሿን መስታወት አትርሱ፣ ሰው ትልቁን ብቻ ልኮ እሷን ይተዋታል።

ከዛ እንቅስቃሴው። ኦዲሲ እንደ ድሮ በር ከተንገጫገጨ ሞተር ሳይሆን የሚፈልገው ሻካራ ፎርማይካና ንጹህ ቴፍሎን ነው፣ ሰፋ ያሉ ክብ ጎኖች ከኮምፔንሳቶ ቆርጣችሁ ፎርማይካ ከለጠፋችሁባቸው በአንድ ጣት ይሄዳል። ኩሽኔታ አትግጠሙ፣ ከመጠን በላይ ይለቅና ንፋስ ያዞረዋል። ፎከሰሩን ባለ 2 ኢንች ክሬይፎርድ (ያለ ጥርስ በለስላሳ የሚንሸራተት ዓይነት) አድርጉት፣ አዲሶቹ አጠር ያሉ ስለሆኑ ፎከሱ ካልደረሰላችሁ ማስረዘሚያ ቱቦ በቂ ነው። ኤፍ/4.5 ላይ ዳር ዳር ያሉት ከዋክብት ጭራ ያወጣሉ፣ ለዛ ፓራኮር የሚባል ማስተካከያ አለ፣ ጥሩ ነው ግን ውድ ነው፣ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ጊዜው ተለውጧል። ድሮ ኢንኮደር (ቴሌስኮፑ ስንት ዲግሪ እንደዞረ የሚቆጥር ዕቃ) መግጠም ቶርኖ ቤት መመላለስ ነበር፣ አሁን ስልካችሁ የሰማዩን ፎቶ አንስቶ የት እንዳነጣጠራችሁ ያውቃል። የሴለስትሮን ስታርሴንስ ኤክስፕሎረር ከ2020 ጀምሮ አለ፣ ሰው ከትንሹ ቴሌስኮፕ ላይ ነቅሎ ትልቁ ዶብ ላይ ይገጥመዋል፣ ቀስቱን እየተከተላችሁ መግፋት ብቻ ነው። በእጁ መስራት የሚወድ ደሞ ራስፕቤሪ ፓይ በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሚሰራውን ፓይፋይንደር ይስራ፣ እሱም ሰማዩን እያየ የት እንዳነጣጠራችሁ ይነግራችኋል፣ ዲዛይኑ ክፍት ነው። ለኬቭና ለሲ14 ኦንስቴፕ የሚባል ክፍት ፕሮግራም አለ፣ ሁለት ስቴፐር ሞተርና አንድ ትንሽ ቦርድ ገዝታችሁ የ50 ዓመት ማውንት በስልክ ታዝዙታላችሁ። ይሄ ሁሉ እስኪሟላ ድረስ ግን ቴልራድ የሚባለውን ማነጣጠሪያ ግዙ፣ ሰማዩ ላይ ሦስት ቀይ ክብ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ከሁሉም በላይ የምትጠቀሙበት እሱ ነው።

ወደ ሀገር ቤት መውሰድ የምታስቡ ካላችሁ ምርጫው ይቀየራል፣ ዶብ ብቻ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ የኢኳቶሪያል ማውንት ዘንግ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ብቻ መጋደም አለበት፣ ለአሜሪካ 39 እና 40 ዲግሪ የተሰራ ማውንትና ሹካ እዛ ድረስ አይወርድም፣ ቢወርድም ሚዛኑን ይስታል። ዶብ ግን የትም ያው ነው። ልፋቱም ያዋጣል፣ ኦሜጋ ሴንታውሪ፣ በኛ ጋላክሲ ካሉት እንደ ኤም13 ካሉ ክብ የከዋክብት ስብስቦች ትልቁ፣ ከዋሽንግተን ቢበዛ 4 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ ዛፍና ጉም ይከልለዋል፣ ከአዲስ አበባ ግን 34 ዲግሪ ይወጣል። ከዋሽንግተን ጭራሽ የማይወጣው የኢታ ካሪና ኔቡላም 21 ዲግሪ ላይ ይታያል፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ። ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፕ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪም 3200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተሰራው፣ ከፍታው ለሰማይ ጥሩ ነው፣ የከተማው መብራት ግን ስለሚያስቸግር እናንተ ከከተማ ወጣ በሉ።

ሳጥኑን ከዚህ አትጫኑ። 13.1 ኢንች መስታወት ስፋቱ 33 ሴንቲሜትር ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ትንሿ መስታወት፣ ፎከሰሩ፣ ቴፍሎኑና ቴልራዱም አብረው ይገባሉ፣ 23 ኪሎ አይሞሉም። ኮምፔንሳቶና ፎርማይካ መርካቶ አይጠፋም፣ ጎበዝ አናጺ ስዕሉን ካሳያችሁት ሳጥኑን ይሰራዋል፣ ቺፕውድ ግን እንዳያስገባበት። ኮቱን እዚሁ አሜሪካ አስጨርሱ። ስታሽጉት የመስታወቱ መሃል ከዳሩ 4.6 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ስለሆነ ንጹህ ጠፍጣፋ ኮምፔንሳቶ ከላይ ብታስቀምጡበት ዳሩን ብቻ ነው የሚነካው፣ በመሃላቸው ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ቀለበት አድርጉ፣ ከስርም ሌላ ኮምፔንሳቶ፣ ሁለቱን በገመድ እሰሩና ዙሪያውን በልብስ ጠቅጥቁት። አይፒሶቹን በእጅ ሻንጣ ያዙ።